የወጋኋት ውሃ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልተናገርኩም። አብረውኝ በአንድ ክፍል ለሠሩት ነርሶች አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሐሜቱንም፣ ቅናቱንም፣ የገደፍኩትን ጾምም ዘርዝሬ ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይያዛል። «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ይኸው ነው አባ» እላቸዋለሁ። መስቀላቸውን አሳልመው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይሉኛል፤ እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ያልተናገርኩት ነገር እንዴት ይፈታል?

ለእናንተ ልናገር የተነሣሁት እናንተን ከሳቸው አብልጬ ስለማምን አይደለም። አታውቁኝም፤ መንገድ ላይ ብታገኙኝ አትለዩኝም፤ የሚያደፋፍረኝ ይኸው ብቻ ነው። ግማሻችሁ «ምን ዓይነት አረመኔ ናት» እንደምትሉ አውቃለሁ። የቀራችሁት ደግሞ በሆዳችሁ «እኔም በሷ ቦታ ብሆን» ትላላችሁ። እነዚህኞቹን ይበልጥ እፈራቸዋለሁ።

ነገሩ ይህ ነው። አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ የእርግዝና መከላከያ መርፌ እንድወጋት አምናኝ መጣች። እኔ ውሃ ወጋኋት። ተሳስቼ አይደለም፤ መድኃኒቱ አልቆም አይደለም። መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ በእጄ ትይዩ ቁጭ ብሎ፣ እኔ አውቄ ውሃ ወጋኋት።

ቦንጋ የሄድኩት መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አገሬ ጎጃም ነው። ባሌ ታዬ የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መምህር ሆኖ እዚያ ተመድቦ ነበርና እሱን ተከትዬ ተዛወርኩ፤ ጤና ጣቢያው የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል አስገባኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አልጋ፣ አንድ መጋረጃ። ዝናብ ሲመጣ፣ እዚያ ደግሞ የማይመጣበት ቀን ጥቂት ነው፣ ቆርቆሮው ላይ ስለሚወርድ ከሴቶቹ ጋር ጆሮ ለጆሮ ተጠጋግተን ነበር የምናወራው። ጥሩ ነርስ ነበርኩ። ይህን የምለው ልመጻደቅ ሳይሆን እንድትረዱት ነው፤ ሥራውን የማታውቅ ሰው አልነበረችም ይህን ያደረገችው።

እኔ ሰው ማመን አላውቅበትም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ስኳር ሳስቀምጥ ላዩን በማንኪያ ደልድዬ ምልክት አደርግበታለሁ። ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ ካደረጉ የሚያሙት እኔን ነው። ቦንጋ ደግሞ አመሌን አባሰብኝ፤ ጎረቤቶቼ እርስ በርሳቸው በካፊኖኖ ያወሩና እኔ ስደርስ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። እኔን አክብረው መሆኑን ለማመን ዓመታት ፈጅቶብኛል። ያኔ ግን ቡናዋን ጨርሳ ስትስቅ ያየኋት ጎረቤት ሁሉ በእኔ የሳቀች ይመስለኝ ነበር። በምን ትስቃለች? በምን ሌላ፤ አልወለድኩማ። ከተጋባን ዓመታት አልፈዋል፤ የታዬ እናት በደረሰ መልእክት ሁሉ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ይላሉ። አዲስ ነገር የለም። ቀኑን ሙሉ መውለድ ለማይፈልጉ ሴቶች መድኃኒት ስሰጥ እውልና ማታ ባዶ ቤቴ እገባለሁ። በየወሩ አለቅሳለሁ፤ ታዬ እንዳያየኝ ሽንት ቤት ገብቼ ነው የማለቅሰው።

በተከራየንበት ግቢ ጀርባ ከገጠር የመጡ ሴት ተማሪዎች የሚኖሩባት አንዲት ክፍል ነበረች። ከነሱ አንዷ ዘነበች ናት። አገሯ ከሺሺንዳ መኪና ወርዳ በእግር ጫካውን አቋርጣ የምትገባበት መንደር ነው። አሥረኛ ክፍል ነበረች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትራመድ መሬት መሬት የምታይ ልጅ። አማርኛዋ የትምህርት ቤት አማርኛ ነው፤ አንቱታውን ትጀምርና ሳትጨርሰው አንቺ ላይ ትወድቃለች። ለኔ ሲስተር፣ ለታዬ መምህር ትላለች። ሂሳብ ስለምትወድ ደብተሯን ይዛ ደጃችን ትመጣለች፤ ታዬ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያስረዳታል። እኔ ውስጥ ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ ጆሮዬ ግን በረንዳው ላይ ነው። ስለ ሂሳብ ብቻ ሰው ይህን ያህል ያወራል? አንድ ጊዜ ከአገሯ ስትመለስ በቅል ማር አመጣችልንና ለኔ ሳይሆን ለታዬ ሰጠችው። በራፉ ላይ ያገኘችው እሱን ስለሆነ ነው፤ ይህን አሁን ነው የማስበው። ያኔ ግን ማሩን አልቀመስኩትም። የሆነ ነገር ተደርጎበት ይሆናል ብዬ ታዬንም እንዳይበላ ከለከልኩት። ሳቀብኝ። ሳቁን ራሱን ጠረጠርኩት።

እንግዲህ በዚያው ሰሞን ነው ታዬ የዋሸኝ። ቅዳሜ ጠዋት ግምገማ አለብን ብሎ ወጣ። በዚያ ዘመን መምህር ሁሉ ግምገማ ስለማያጣው አልጠየቅኩትም። ማታ ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ግምገማ ላይ የተቀመጠ ሰው እስከ ጉልበቱ ይጨቀያል? ሱሪውን አጠብኩለት። በሳምንቱ ገበያ ላይ የርዕሰ መምህሩን ሚስት አገኘኋትና እንደ ዘበት «ቅዳሜም እረፍት የላቸውም እኮ፣ በግምገማ አለቁ» አልኳት። «የምን ግምገማ?» አለችኝ እየሳቀች፣ «የኔው ሰውዬ ቅዳሜን ተኝቶ ነው የዋለው።»

ዘነበችም በዚያ ቅዳሜ አገሯ ሄዳ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገኝ ነገር አልነበረም። ነገሩን በራሴ ገጣጥሜ ጨረስኩት። ታዬን ግን አንድ ቃል አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው ይዋሻል፣ ከዋሸ ደግሞ ይጠነቀቃል አልኩ። ወይስ እውነቱን እንዳይነግረኝ ፈርቼ ነው? ጠርጣራ ሰው እውነት የሚፈልግ ይመስላችኋል፤ እኔ ግን የምፈልገው ጥርጣሬዬ ልክ እንዲሆን ነበር።

ጥቂት ቀን ቆይታ ዘነበች የሥራ ክፍሌ መጣች። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ወረፋ ጠብቃ፣ ከተጋቡት ሴቶች መሀል ተቀምጣ። መጋረጃውን ስቤ አስቀመጥኳትና ለሁሉም የምለውን አልኳት፤ እንክብል አለ፣ በየቀኑ ሳይረሳ የሚዋጥ፤ መርፌ አለ፣ አንዴ ተወግተሽ ሦስት ወር የምትቆዪበት፤ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን ደግሞ በሥልጠና ሰምተን እንደሆነ ነው እንጂ ያኔ እኛ ዘንድ አልደረሰም። የትኛው እንደሚሻላት ጠየቅኳት።

«መርፌ ይሻለኛል» አለች። «እንክብል ይቀሙኛል። መርፌ ግን ከኔ ጋር ነው የሚሄደው፤ ማን ይቀማኛል?»

«ማነው የሚቀማሽ?» አልኳት።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሲስተር፣ እኔ ወንድ የለኝም። ወንድ ያለው መንገድ ላይ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። አንድ ሰው ለጋብቻ ጠይቋታል፤ አባቷ እንቢም እሺም አላሉም። ሰውየው ወንድሙ ወረዳ ውስጥ ሥልጣን ላይ ስለሆነ አይፈራም። ለእረፍት አገሯ ስትገባ ጫካው መንገድ ላይ ሊጠልፋት ይጠብቃል። አንዴ ከተጠለፈች በኋላ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሴቷ ካላረገዘች ዘመዶቿ ጠንክረው መልሰው ሊያመጧት ይችላሉ፤ ካረገዘች ግን ነገሩ ያከትማል፤ ሽማግሌው ይታረቃል፣ እሷም እዚያው ትቀራለች። የእናቷ እህት እንዲሁ ነው የቀሩት። የእናቷ ወንድም ቢታ ገነት ነጋዴ ናቸው፤ ቢጠልፏት መጥተው እንደሚያወጧት ቃል ገብተውላታል። «አጎቴ እስኪመጣ ድረስ እንዳላረግዝ ነው» አለችኝ።

ሰማችሁ? ይህን ሁሉ ነገረችኝ። አላውቅም ነበር የምልበት ቀዳዳ የለኝም። አንዲት ልጅ እንዳትደፈር ማንም ስለማያስጥላት፣ ተደፍራም ቢሆን ትምህርቷን የምትቀጥልበትን ዘዴ ብቻዋን አስባ መጣች። ያን ያህል አስተዋይ ልጅ ናት። እኔ ግን እያዳመጥኳት የማስበው ምን ነበር? ይህችማ ተዘጋጅታ ነው የመጣችው፣ የውሸት ታሪኳ እንዴት ያምራል፣ ይህን ያስጠናት ባሌ ይሆን? እያልኩ ነበር።

ብከለክላት ይሻል ነበር። «ልጅ ነሽ፣ ሂጂ» ብላት ወጥታ ሌላ ነርስ ባለችበት ቀን ትመጣ ነበር፤ ክፉ ቃል ብናገራት እንኳ አልቅሳ ሌላ መላ ትፈልግ ነበር። እኔ ግን አልከለከልኳትም። ፈገግ አልኩላት። «ጎበዝ፣ ጥሩ አስበሻል» አልኳት። ወደ መደርደሪያው ዞርኩ። የመከላከያው መርፌ ነጭ ነው፣ ወተት ይመስላል። አጠገቡ ዱቄት መድኃኒት የምንበጠብጥበት ውሃ አለ። ከውሃው ቀዳሁ። ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ከየት ታውቃለች? ክንዷን በአልኮል ጠረግሁ። ውሃ ወጋኋት። «ሦስት ወር አትስጊ» አልኳት።

ለምን? ይህን ጥያቄ ለራሴ ስንት ጊዜ እንዳነሣሁት አልነግራችሁም። ያኔ ለራሴ የሰጠሁት መልስ ወጥመድ ነው የሚል ነው። ካረገዘች ይወጣል፣ ከማን እንደሆነም ይታወቃል፣ ታዬም ፊቴ መዋሸት ያቅተዋል። ከዚህ በታች ግን ሌላ መልስ አለ፤ እሱን ለመናገር አፍራለሁ። እኔ የምለምነውን ነገር እሷ አልፈልግም ስትል ሰማሁና ጠላኋት። ልጅቷ ስትወጣ እግዜር ይስጥልኝ ብላኝ፣ ጎንበስ ብላ፣ በሩ ጋ ስትደርስ እፎይ ስትል ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

ይህን በአንድ ቀን ንዴት አደረገችው ብላችሁ እንዳታቀሉልኝ። እረፍቱ እስኪደርስ ሳምንታት ነበሩ። ዘነበች የምትኖረው ከጓዳዬ መስኮት ፊት ለፊት ነው። ጠዋት ጠዋት ቧንቧው ጋ ባልዲዋን ይዛ ትቆማለች፤ እኔም እቆማለሁ። «ሲስተር ደህና አደሩ» ትለኛለች። በማንኛውም ጠዋት «ዘነበች፣ የዚያን ቀን መድኃኒት ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ነይ ልድገምልሽ» ልላት እችል ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። አንዴ ሊወጣኝ ነበር፤ በዚያው ቅጽበት ታዬ ከቤት ወጣና ሰላም አላት፣ እሷም መልሳ ሳቀች። ቃሉን መልሼ ዋጥኩት። ከዚያ በኋላ ሆዷን ነበር የማየው፤ ባልዲውን ስታነሣ ቀሚሷ ይጠብብ እንደሆነ።

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አለቀና ተማሪዎቹ ወደየአገራቸው ሄዱ። እረፍቱ ሲያልቅ ሌሎቹ ተመለሱ፤ ዘነበች አልተመለሰችም። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? አረገዘች፣ አፍራ ነው የቀረችው አልኩ። ታዬ ምግብ አልበላ አለ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ አየሁት። ያኔ የያዝኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ ጭቃውን፣ ግምገማውን፣ ማሩን፣ ሳቁን። ስጨርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ተጠለፈች» አለኝ። «ዛሬ ጓደኞቿ ነገሩኝ። ከሺሺንዳ እንደወረደች ነው የያዟት። እኔ እኮ አባቷ ድረስ ሄጄ ለምኜ ነበር። በጭቃ ቀኑን ሙሉ ሄጄ፣ ትምህርቷን ትጨርስ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።»

«ለምን ደበቅከኝ?»

«የሰውየው ወንድም ትልቅ ሰው ነው፤ ከሌላ አገር መጥቶ ሕዝብ ያነሣሣል እንዳልባል ፈራሁ። ላንቺ ደግሞ…» አለና ትንሽ ቆየ። «ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?»

ውሃ መውጋቴን ያኔ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ገና ጊዜ ነበር። ብነግረው አጎቷ ዘንድ ሮጦ ይሄድ ነበር፤ «ዛሬውኑ አውጧት፣ መድኃኒት የላትም» ይላቸው ነበር። አጎቷ እኮ የዘገዩት መድኃኒት አላት ብለው ነው፤ በክርክር፣ በሽማግሌ፣ ያለ ደም እንዲያልቅ ቀስ ብለው ነው የሄዱበት። እኔ ግን ለታዬ «ይቅርታ አድርግልኝ» ብቻ አልኩት። ስለ ጥርጣሬዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። አቀፈኝ። ያልተናገርኩትን ደብቄ ታቀፍኩ።

ከወራት በኋላ አጎቷ የዘነበችን ፍራሽና ሣጥን ሊወስዱ ግቢያችን መጡ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ባርኔጣቸውን እጃቸው ላይ እያዞሩ በራፌ ላይ ቆሙ። ጤና ጣቢያ እንደምሠራ ያውቃሉ፤ የወጋኋት እኔ መሆኔን ግን አያውቁም።

«ሲስተር፣ እርስዎ ያስረዱኝ» አሉኝ። «መርፌ ተወግቻለሁ፣ አላረግዝም፣ ሳትፈራ ና ብላ ሰው ላከችብኝ። ሽማግሌ ይዤ ገባሁ። እነሱ ሳቁብኝ። የምትወስደውማ ሁለት ነፍስ ነው አሉኝ። ልጅቷን ጠራኋት፤ እኔ አላረገዝኩም፣ መርፌ አለኝ እያለች ታለቅሳለች። ሆዷ እየታየ መርፌ አለኝ ትለኛለች። ምን ዓይነት መርፌ ነው ይሄ?»

«መድኃኒት መቶ በመቶ አይደለም ጋሼ» አልኳቸው። «አንዳንድ ሰው ላይ ላይሠራ ይችላል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፍራሹን አሸክመው ሄዱ። ይህ ሁለተኛው በደሌ ነው፣ ምናልባትም የባሰው። ውሃ የወጋኋት በቅናት ታውሬ ነው ልበል፤ ይህን ስናገር ግን ምንም የጋረደኝ ነገር አልነበረም። ራሴን ለማዳን ጥፋቱን ወስጄ የልጅቷ ገላ ላይ ጣልኩት። ያቺ ቃል አጎቷ ጆሮ ላይ ብቻ የምትቀር መስሎኝ ነበር።

በዓመቱ እኔም አረገዝኩ። ወንድ ልጅ ወለድኩ። እግዚአብሔር ይቅር ብሎኛል ማለት ነው አልኩ፤ ሰው የሚመቸውን ምልክት አያጣም። ልጄን አቅፌ ቀና ስል ግን የጓዳዬ መስኮት ፊት ለፊት ሌላ ተማሪ የተከራየችው ያ ክፍል ይታየኛል። ቤት እንቀይር ብዬ ታዬን ነዘነዝኩት። ጭቃው በዝቶብኛል አልኩት።

ዓመታት አለፉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ሲመደቡ እነሱን የምትከታተል ሆኜ በየገጠሩ መዞር ጀመርኩ። አንድ ቀን ተራው የዘነበች መንደር ሆነ። አሞኛል ብዬ ልቀር አስቤ ነበር፤ ሄድኩ። ሴቶቹ አንድ የእንሰት ጓሮ አጠገብ ተሰብስበው ነበር። ስለ መርፌው ማስረዳት ስጀምር እርስ በርሳቸው በካፊኖኖ ተነጋገሩና ሳቁ። የቀበሌዋ ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እያፈረች ተረጎመችልኝ። «እዚህ አገር መርፌ አይሠራም ነው የሚሉት» አለች። «አንዲት ሴት አለች፣ ተማሪ ሆና ቦንጋ ጤና ጣቢያ ድረስ ሄዳ ተወግታ በወሩ አረገዘች። እሷ እዚህ ቁጭ ብላ ማን መርፌ ይወጋል ይላሉ።» ደግሞ አንዷን አረጋዊት እያመለከተች የኚህ ልጅ ባለፈው ዓመት በላይ በላዩ ስትወልድ ሞታለች አለችኝ። ይህን ወሬ ሰምታ ከመርፌው ቀርታ እንደሆነ አልተናገረችም። እኔም አልጠየቅሁም። ስለ ጡት ማጥባት አስተምሬ ተመለስኩ። የዘነበችን ቤት አሳይተውኝ ነበር፤ አልገባሁም።

እሷ ግን መጣች። ያ ሁሉ ዓመት አልፎ፣ ቦንጋ፣ ተመልሼ በምሠራባት እዚያችው ክፍል፤ መጋረጃው ብቻ ተለውጧል። መጀመሪያ አላወቅኋትም። ከኔ በዕድሜ ያነሰች ሴት ናት፤ ከኔ ያረጀች ትመስላለች። ከጎኗ ረጅም ቀጭን ልጅ ቆማለች፣ ዩኒፎርም ለብሳ። ልጅቷን ሳይ ነው ያወቅኋት።

«ሲስተር፣ ረስተውኛል አይደል? ዘነበች ነኝ» አለችኝ። ጉንጬን ሳመችኝ። «ይቺ የመጀመሪያ ልጄ ናት። ዘንድሮ ዘጠነኛ ገባች፤ ቦንጋ ነው የምትማረው። መንገዱ ላይ ጠለፋ ቀንሷል ይላሉ፣ ሕግ መጥቷል ይላሉ። እኔ ግን አላምንም። ሌላ ሰው ዘንድ አልሄድም፣ ሲስተር አለችልኝ ብዬ ነው ያመጣኋት።»

ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። ይህች ልጅ እኔ ውሃ ስለወጋሁ የተወለደች ናት። ይህን እንዴት ነው የሚያስቡት? እናቷ ትምህርት ያጣችባት ናት፤ እናቷ ደግሞ ዓይኗን አትነቅልባትም። በእኔ ጥፋት የመጣ ሰው ፊቴ ቆሞ በአማርኛ «ጤና ይስጥልኝ» ይለኛል።

«መርፌ አትስጫት» አለችኝ ዘነበች። «እኔን አልያዘኝም። የኔ ደም መድኃኒት አይቀበልም። ከሷ በኋላ ስድስት ወለድኩ። የጤና ልጆች ቤት ድረስ እየመጡ ውሰጂ ይሉኛል፤ ለሰው ይሠራል፣ ለኔ አይሠራም፣ ምን ላድርግ? አንቺ ለአጎቴ ነግረሻቸው የለ፤ አንዳንድ ሰው ላይ አይሠራም ብለሽ። የልጄ ደም እንደኔ እንዳይሆን እይልኝ።»

ስድስት ልጅ። አንዲት ሴት ደሜ መጥፎ ነው ብላ፣ በራሷ ላይ ፈርዳ፣ መድኃኒት በደጇ እያለፈ ስድስት ልጅ ወለደች። እኔ ያልኳትን አምና።

የልጅቷን ክንድ አጥቤ አደንዝዤ፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን ቀበርኩላት። መኖሩን በጣቷ እንድትዳስሰው ለእናቷ አሳየኋት። ደጋግማ ዳሰሰችው። ከዚያ የራሷን ሹራብ እጅጌ ቀስ ብላ ሰበሰበች።

«ለኔስ ሲስተር? በዚህኛው ይቀበል ይሆን?»

ክፍሉ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን። ዝናብ አልነበረም፤ ጫጫታ የለም፣ የሚያቋርጠን ሰው የለም። «ዘነበች፣ ደምሽ ምንም አልሆነም። የወጋሁሽ ውሃ ነበር» ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«እንሞክረው» አልኳት።

እንሞክረው። እንደማይታወቅ ነገር። እኔም እንደሷ እንደምጠራጠር። ክንዷን ሰጠችኝ፤ ስሠራ ፊቷን ወደ ልጇ አዞረች። ስጨርስ እጅጌዋን እያወረደች ልታጽናናኝ ፈለገች። «ካልያዘም እንዳይከፋሽ» አለችኝ። «ያኔም አንቺ አላጠፋሽም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ልጇን ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አላረገዘችም፤ በሰው በኩል ምስጋና ልካብኛለች። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ታዬ አሁንም ጥሩ ሰው ነው፣ አሁንም አያውቅም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የበደልኩት እናንተን ስላልሆነ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ዘመኑ ነው፣ ቅናት ነው፣ መካንነት ያናደዳት ሴት ናት ብላችሁ ልታቃልሉልኝም አትሞክሩ፤ እኔ ሁሉንም ሞክሬዋለሁ፣ አንዱም አላቃለለልኝም። ወደ ዘነበች ቤት ለመሄድ ከመኪና ወርዶ ጫካውን በእግር ማቋረጥ ብቻ ነው፤ ጉልበቴ ገና አልደከመም፣ መንገዱንም አውቀዋለሁ። ይኸው ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ፣ ሁሉንም ነገርኳችሁ። ለሷ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ እሷም እስከ ዛሬ ጥፋቱ የደሟ ነው ብላ ታምናለች።